ሁለት ድስት፣ አንድ መፍጫ

በአቃቂ ቃሊቲ የተፈጨ ሥጋ በቲማቲም መረቅ አብስሎ፣ በዳቦ መሃል አድርጎ የበላ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ዛሬ በየካፌው በር ላይ ሥዕሉን ለጥፈው የሚሸጡትን ሳይ እስቃለሁ። ሥጋው ይደርቃል፣ መረቁ ከዳቦው ጋር አይዋሃድም፣ ሽንኩርቱ ገና ጥሬ ነው። በደርግ ዘመን፣ ስኳርም ዳቦም በወረፋ በሚገኝበት ጊዜ፣ እኔ ቤት የተሠራውን የቀመሰ ሰው ቢኖር የእነሱን አይነካም ነበር። ግን ቀምሶ የሚመሰክርልኝ ሰው የለም። የምጽፈው ለምን እንደሌለ ነው።

ትምህርት ቤት የቆየሁት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ነው። ፋብሪካ የገባሁት ማሽን ዘይት እያጠጣሁ ነው፤ ስወጣ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ዲፕሎማ የያዙት ልጆች ማሽን ሲቆምባቸው መጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያገላብጣሉ፣ ቀጥሎ ይከራከራሉ፣ በመጨረሻ እኔን ይጠራሉ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከዕቃ ማሸጊያ ላይ ነው። አንድ መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ መጨረሻው ተገንጥሎ ከ"ኤስ" ፊደል በኋላ ያለው የለም። እስከ "ኤስ" ድረስ ባለው እንግሊዝኛ ከማንም ጋር እወዳደራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በግምት እሠራዋለሁ፤ ግምቴም ብዙ ጊዜ ትክክል ነው።

አንድ ቀን ከውጭ የመጣ ኩሽኔታ ስፈታ የተጠቀለለበትን ወረቀት ልጥለው ስል ሥዕል አየሁበት። ለሁለት የተሰነጠቀ ክብ ዳቦ፣ በመሃሉ ቀይ የተፈጨ ሥጋ፤ መረቁ በዳቦው ጠርዝ ይፈስሳል። ከሥዕሉ በላይ አንድ ቤተሰብ ጠረጴዛ ከብቦ ተቀምጧል። የሁሉም ጣት በመረቅ ተለውሷል፤ ሁሉም ይስቃሉ። ከሥር አሠራሩ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ወረቀቱን አጣጥፌ በመዝገበ ቃላቴ ውስጥ ከተትኩት። ምግቡን ለመሥራት ግን አልቸኮልኩም። ለአንድ ሰው የሚሠራ ምግብ እንዳልሆነ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል።

ሚስቴ ከሄደች ያኔ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። ተጣልተን አልነበረም። አንድ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና፣ "እዚህ ቤት የሚያወራው አንተ ብቻ ነህ፤ እኔ ኖርኩ አልኖርኩ ወሬህ አይቋረጥም" አለችኝ። መልስ ነበረኝ፤ ረጅም መልስ። እስከ ፌርማታው እየተከተልኩ ሳስረዳት አውቶቡሱ መጣ።

ከዚያ በኋላ በቀበሌ ቤቴ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ፣ ብቻዬን ኖርኩ። ጎረቤቴ የወሎ ሰው ነበር፤ ሙስሊም፣ ባለ ተሳቢ መኪና እየነዳ ከአሰብ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ቤቶቹ በማዕዘን ስለተያያዙ በራችን ይተያያል። ሚስቱና ልጆቹ ደሴ ከእናቱ ዘንድ ነበሩ፤ መንገዱ ሲያደርሰው ያያቸዋል። እዚህ ሲሆን ግን እንደ እኔ ነው። የተዋወቅነው በቀበሌው ሱቅ የስኳር ወረፋ ላይ ነው። ቤተሰብ ያለው ይቅደም ተብሎ ሁለታችን ከመጨረሻ ቀረን።

"አንተም ወንደላጤ ነህ?" አለኝ።

"ለጊዜው ነው" አልኩት።

"እኔም ለጊዜው ነው፤ ይኸው ስምንት ዓመቴ።"

ስኳሩ እኛ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ባዶ ከረጢታችንን ይዘን አብረን ተመለስንና ያለ ስኳር ሻይ አፈላልኝ። ያን ቀን ከቀትር እስከ ማታ ያወራሁት እኔ ነበርኩ፤ ስለ ማሽን፣ ስለ እንግሊዝኛ፣ ስለ ባቡሩ ሞተር። አንድም ጊዜ አላዛጋም። የቀበሌው ሰዎች "ኢንጂነሩ" የሚሉኝ ለሽሙጥ መሆኑን አውቃለሁ። እሱም እንደዚያው ይጠራኝ ነበር፤ በእሱ አፍ ግን ሽሙጥ አልነበረበትም።

እኔ ጾም ሲገባ ደስ የሚለኝ ሰው ነበርኩ። የሚገርመው ካለ ምክንያቱን ልንገረው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሙስሊም ያረደውን አልበላም። እሱም እኛ ያረድነውን አይበላም። አገሩ ሁሉ የሚኖርበት ደንብ ነው፤ ማንም ማንንም አይቀየምም። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ ሲገባም ሁለቱን ወር ሙሉ፣ እኔ ሥጋ አልበላምና እኔና እሱ ምስርም ሆነ ሽሮ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ጾሙ ሲፈታ ግን ወደየድስታችን እንመለሳለን። በፍስክ ቀን ሰውን ጠርቶ ምስር ማቅረብ ደግሞ እንግዳን እንደ መናቅ ነው። ፋሲካ ሲሆን የሠፈሩ ሰው ወደየዘመዱ ይሄዳል። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ ዶሮዬን ብቻዬን እበላለሁ። ከግድግዳው ማዶ እሱ ሬዲዮ ከፍቶ ሲንጎራደድ እሰማለሁ።

አንድ ዓርብ ቤቱ ስገባ ምድጃው ላይ አዲስ ድስት አየሁ።

"ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?"

"ከኮምቦልቻ ገበያ። ያኛውን ቅቤ ነክቶታል። ጾምህን አላስፈታህም።"

እኔ ስለ ድስቱ አስቤ አላውቅም ነበር። አጥቦ ያበስልበታል ብዬ ዝም ብዬ እበላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ድስት ክዳኑ ከጆሮው ጋር ታስሮ በግድግዳው ላይ ለብቻው ይንጠለጠላል፤ የሚወርደው ለእኔ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት ፋሲካ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ከአንድ ትሪ ከበላን ሦስት ሳምንት ሞልቶናል ማለት ነው።

"ሰኞ ጠዋት እወጣለሁ" አለኝ።

"መቼ ትመለሳለህ?"

"የአሰቡ መንገድ አይደለም። ወደ ሰሜን ለጦሩ ስንቅ ከሚያመላልሱት ጋር ነው የመደቡኝ። መመለሻውን የሚናገር የለም።" ፊቴን አየና፣ "አብሽር" አለኝ፤ የሚሄደው እኔ እንጂ እሱ ያልሆነ ይመስል።

የሚቀጥለው ጾም እስኪገባ አይጠብቅም። እሱ ሳይሄድ አንድ ጊዜ፣ በፍስክ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ አብረን መብላት አለብን ብዬ ያኔውኑ ወሰንኩ።

"እሑድ ምሳ እኔ ጋ ነህ" አልኩት።

"ምስር ነው?"

"ሥጋ።"

ሳቀ። "ኢንጂነሩ፣ ሰው መንገድ ሊወጣ ሲል ነው እንዴ ሃይማኖት የሚያስቀይሩት?"

"ማንም ምንም አይቀይርም። ሁለት ሥጋ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማማሰያ። ያንተን ሥጋ ከእናንተ ሥጋ ቤት አንተው ታመጣለህ፤ ድስቱንም ከቤትህ። አሠራሩ አንድ፣ ዳቦው አንድ፣ ጠረጴዛው አንድ። ከወረቀት ላይ ያገኘሁት ምግብ ነው፤ እዚህ አገር የሠራው የለም።"

"ስለ ምግቡ የምታወራው ሳንበላ ነው ወይስ እየበላን?"

"እየበላን።"

"እንግዲያው ሥጋውን በዛ አድርጌ አመጣለሁ፤ ወሬህ ረጅም ነው" አለና ተስማማ።

ሥራውን እንደ ፋብሪካ ሥራ አቀድኩት። ቅደም ተከተሉን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። የእኔ ማማሰያ ላይ ቀይ ሽቦ አሰርኩ፣ የእሱ ላይ ነጭ። አንድ የጎደለኝ ነገር ሁለተኛ መፍጫ ነበር። በዚያ ዘመን የሥጋ መፍጫ በየቤቱ አይገኝም፤ ሰው ሥጋውን በቢላ ነው የሚከትፈው። እኔ ግን ከወዳደቀ ብረት የራሴን መፍጫ ሠርቼ ነበር፤ ገና ሥጋ አልገባበትም። ጠምዛዛውን ዘንግ በገዛ እጄ ነው የቀረጽኩት፤ ሥጋው የሚወጣበትን ቀዳዳ ቀዳዳ ብረት አንድ በአንድ የበሳሁትም እኔ ነኝ። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ አይቶት ከየት ገዛኸው ብሎኛል። መፍጫው አንድ ስለሆነ መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው አልኩ። መጀመሪያ የእሱ ሥጋ ይፈጫል፣ ከዚያ የእኔ። የእሱ ሲያልፍ የእኔ ገና አልነካውም፤ ንጹሕ ነው። የእሱ ቀድሞ ያለፈበትን እኔ አጥቤ እጠቀማለሁ፤ በእኔ በኩል ያለውን እኔ እችለዋለሁ። በወረቀቱ ላይ ቁጥር አንድ ብዬ ጽፌ አሰመርኩበት።

ዕቅዱ ስህተት አልነበረበትም። የተሳሳትኩት ከምሳው በፊት ባለው ቀን ነው። ማሽን ሳይሞከር ሥራ አይጀመርም፤ ይህ ዕድሜ ልኬን የሠራሁበት ሕግ ነው። ቅዳሜ የራሴን ሥጋ ገዝቼ እንደገባሁ መፍጫውን ጠረጴዛው ላይ አሰርኩና አንድ እፍኝ ፈጨሁበት። እንደ ሐር ሆኖ ወጣ። በፈላ ውሃ አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ በሥራዬ ተደስቼ ተኛሁ።

እሑድ ማልዶ ዳቦ ወረፋ ላይ ቆሜ ክብ ክብ ዳቦ አገኘሁ። ስመለስ ሥጋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በር ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

"ከጭኑ ነው፤ ስብ አላበዛሁበትም" አለ። ሥጋ የሚሠራበትን ድስቱንም ሰጠኝና መኪናውን ሊያይ ሄደ። በስድስት ሰዓት ይመለሳል።

ፈጨሁለት። ወረቀቱ ሥጋው ቀድሞ ይጠበስ፣ ስቡ ይደፋ ይላል። ስብ የሚደፋ ሰው ተርቦ አያውቅም፤ እዚህ ላይ ወረቀቱን አረምኩት። ሽንኩርቱን አድቅቄ፣ ያለ ዘይት አቁላልቼ፣ መልኩ ሲቀየር ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩ። ቀጥሎ ሥጋውን፤ እንዳይጓጉል በማማሰያው ጀርባ እየፈተፈትኩ። ከዚያ ቲማቲም፣ የቲማቲም ድልህ፣ ትንሽ ሰናፍጭ፣ ከወር ኮታዬ የተረፈችውን ስኳር። ከ"ኤስ" በኋላ የሚመጣ አንድ ቃል ነበር፤ አቼቶ መሆን አለበት ብዬ ገመትኩ፤ ነበረም። በርበሬ ወረቀቱ ላይ የለም፤ እኔ ጨመርኩ። ማማሰያው የድስቱን መሃል ሲሰነጥቅ መረቁ ቶሎ ካልገጠመ ደርሷል ማለት ነው። ይህንንም የደረስኩበት እኔ ነኝ።

የእሱ ድስት በቀስታ ሲንተከተክ የእኔን ለመፍጨት መፍጫውን ፈታሁት። ከቀዳዳው ብረት ጀርባ፣ ዘንጉ ሥር፣ አንድ ጅማት ተጠምጥሟል። ጫፉ ደርቆ ጠቁሯል። ጠዋት የተፈጨ ሥጋ እንደዚያ አይደርቅም። የትናንት ነው፤ የእኔ ነው። የእሱ ሥጋ በሙሉ በላዩ ላይ አልፎ ወጥቷል።

ጅማቱን መዳፌ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከጥፍሬ አይበልጥም። በፈላ ውሃ ታጥቧል አልኩ። ያየ የለም አልኩ። ብነግረው ምሳው ይቀራል፤ ሰኞም ይሄዳል፤ ሳንበላ ተለያየን ማለት ነው። ባልነግረው በልተን፣ ስቀን፣ ተሳስመን እንለያያለን። ደግሞም ኢንጂነሩ ተሳሳተ የሚባል ነገር በዚህ ሠፈር ተሰምቶ አያውቅም። ጅማቱን ምድጃው ውስጥ ጣልኩትና ዳቦውን መሰንጠቅ ጀመርኩ። የእኔን ሥጋ አልፈጨሁም፤ ለምን እንደተውኩት አላውቅም፤ እጄ እንቢ አለ።

በሰዓቱ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። እጁን እየታጠበ፣ "ሽታው እኮ አስፋልቱ ድረስ ወጥቷል" አለ። ዳቦውን ሞልቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። መረቁ ልክ እንደ ሥዕሉ በጠርዙ ይወርዳል።

"ያንተስ?"

"እየደረሰ ነው፤ አንተ ጀምር" አልኩና ማውራት ቀጠልኩ። ስለ ኩሽኔታው አወራሁ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ስቡ፣ ስለ አቼቶው። እንደዚያን ቀን ያወራሁበት ጊዜ የለም። እሱ "ቢስሚላህ" ብሎ ዳቦውን በሁለት እጁ አነሳ። ዓይኔ ከፍ ሲል በተከፈተው በር የእሱን በር አየሁ፤ በበሩ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ድስት፣ ክዳኑ እንደታሰረ።

"ቆይ" አልኩት።

"ምነው?"

"አትብላው። ተሳስቻለሁ።"

ነገርኩት። በአጭሩ ነው የነገርኩት፤ ሦስት አራት ቃል። ዳቦውን ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰው። ጣቱ ላይ የቀረውን መረቅ በጨርቅ ጠረገ።

"ማን አየ?" አለኝ።

"ማንም።"

"ታዲያ?"

"ድስት ገዝተህልኛል" አልኩት።

በሁለት ቃል ስጨርስ ሚስቴ ብታየኝ አታምንም። እሱ ተነስቶ ወጣ። በቃ ሄደ ብዬ ጠረጴዛውን እያየሁ ቀረሁ። ከግድግዳው ማዶ ብረት ሲጋጭ ተሰማኝ። ተመልሶ ሲገባ ያንን ድስት ይዟል።

"ሽንኩርት ተርፎሃል?"

"ተርፏል።"

"ቲማቲም?"

"አለ።"

"በል እንግዲህ፤ ዛሬ ዓርብ ነው።"

"እሑድ ነው። ቢሆንስ በዓለ ሃምሳ ነው፤ አይጾምም።"

"ኢንጂነር፣ ዓርብ ነው አልኩህ" አለና ሽንኩርቱን መላጥ ያዘ።

እሱ አበሰለ፣ እኔ ተቀምጬ አየሁ። አሠራሬን ያለ ሥጋ ደገመው፤ በርበሬውን ከእኔ አብዝቶ። አንድ ትሪ ላይ አድርገን በዳቦ በላነው። መረቁ በክንዳችን ወረደ። ወረቀቱን ከመዝገበ ቃላቱ አውጥቼ አሳየሁት፤ በቀይ ጣቱ እንዳይነካው ከሩቅ አየው።

"እነዚህ ሰዎች የሚስቁት ይህንን በልተው ነው?"

"እነሱ በሥጋ ነው የሚበሉት።"

"አላወቁበትም" አለ።

በመጀመሪያው ድስት የነበረውን ለማን እንደምንሰጥ ብናስብ ብናስብ ሰው አጣን። የእሱ ሥጋ ስላለበት ክርስቲያን አይበላውም፤ የእኔ ስለነካው ሙስሊም አይበላውም። በመላው አቃቂ ማንም ሰው የማይበላው ምግብ የሠራሁም የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። የግቢው ውሻ በላው።

ሰኞ ጠዋት ከአስፋልቱ በኩል ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። በሬን ስከፍት ያ የጾም ድስት ደፉ ላይ ተቀምጧል። ያን ቀን ከሥራ ስመለስ የራሴን ሥጋ ፈጭቼ በወረቀቱ መሠረት ሠራሁ። በጣም ጥሩ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን ቁጭ ብዬ በላሁት፤ ስለ አሠራሩም ለማንም አልተናገርኩም።

ከወራት በኋላ አንድ ሾፌር የቆርቆሮ ድልህና መልእክት አመጣልኝ። "ዓርብ መቼ ነው? ብለህ ጠይቅልኝ አለኝ" አለ፤ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም። "አንተ የመጣህ ቀን ነው በለው" ብዬ መልሱን ላክሁ፤ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም። ቀበሌው ቤቱን ለሌላ ቤተሰብ ሰጠ፤ ከግድግዳው ማዶ የስድስት ሰው ማንኪያ መሰማት ጀመረ። መንግሥት ሲለወጥ ከሰሜን የተመለሱ ሾፌሮችን በየመናኸሪያው እየዞርኩ ጠየቅሁ። አንዱ አውቀዋለሁ አለኝ፤ መልኩን ሲነግረኝ ግን ሌላ ሰው ነበር።

እሱ በሄደ በወሩ ሁለተኛ መፍጫ ሠርቻለሁ። ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ፣ ከድስቱ ጎን፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ፈትቼ ዘይት እቀባዋለሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው የእህቴ ልጅ በመጣች ቁጥር፣ "ጋሼ፣ አሮጌውን ከሚያውሱኝ ይሄን አዲሱን ለምን አይሰጡኝም?" ትለኛለች። የሰው ነው እላታለሁ።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ አይደለም። ቀዳዳው ብረት በአንድ ብሎን ተፈትቶ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ ከጀርባው ጅማት የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ጥሩ እንደሚፈጭ አውቃለሁ። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ማሽኖች ሁሉ ያልሞከርኩት ግን እሱን ብቻ ነው።